ሰማያዊው ሲገኝ

ባለፈው ሳምንት የልጄን ስልክ ለማስጠገን አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ፣ ጠጋኙ የጋለውን ብረት የብየዳ እርሳስ ላይ ሲያሳርፍ የተነሣው ቀጭን ጭስ አፍንጫዬን ነካውና በአንድ ጊዜ ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ የጭቃ ቤታችን ግቢ ውስጥ ከአባቴ ጎን አቆመኝ። ያ ሽታ ለእኔ የመሄድና ያለመሄድ ሽታ ነው። መቀመጥ አቅቶኝ በሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ልጄ «አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» አለችኝ፤ ለልጆቼ ጠዋት ማታ ስለ ትዕግሥት የምመክረው ሰው እኔ ነኝ።

አባቴ ሱዳናዊ ነበር፤ ገበያው ዳር የመኪና ራዲያተር እየበየደ ያሳድረን ነበር። እናቴ ዘይነባ ከወሎ፣ ከሐይቅ የመጣች ስትሆን ሪያድ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በአንድ ቪላ እየሠራች፣ ጠዋት ሐፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተሳፍራ ሄዳ ማታ ትመለስ ነበር። አልጋዋ ሥር ወደ አገሯ ለመመለስ ሁልጊዜ የተዘጋጀ ሻንጣ ነበራት፤ ልብሷን ከዚያ አውጥታ ትለብስና አጥባ፣ አጣጥፋ፣ መልሳ እዚያው ትከተው ነበር። ጎረቤታችን ከድጃ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ኡም ጀማል፣ ዛሬም አልሄድሽም?» ትላታለች፤ የጀማል እናት ማለቷ ነው፣ ጀማል እኔ ነኝ። «ከሃቡቡ በኋላ፣ ኢንሻአላህ» ትላለች እናቴ። ሃቡቡ ሲያልፍ ከዝናቡ በኋላ፣ ዝናቡ ሲያልፍ ደግሞ ብርዱ ሲመጣ ትል ነበር። እኔም በየትኛው ወቅት እንደምንነሣ ስለማላውቅ፣ የጀመርኩትን ጨዋታ እንኳ ሳልጨርስ እየተነሣሁ እሷን አይ ነበር።

ሃቡብ ያ ሰማዩን ቀይ አድርጎ የሚመጣው የአቧራ ማዕበል ነው። ለሌላው ሰው መከራ ሲሆን ለአባቴ ግን መኸር ነበር፤ ነፋሱ የቪላዎቹን በሮች ሲያላትም ቢጫውና አረንጓዴው መስታወት ይረግፋል፣ እናቴም እመቤቷን አስፈቅዳ ስብርባሪውን በጨርቅ ጠቅልላ ታመጣለታለች። አባቴ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ዘርግቶ፣ መስታወቱን በመቁረጫ ጭሮ፣ ጠርዙን ነካ አድርጎ ይከፍለውና፣ ከአሮጌ ራዲያተር የላጠውን ስስ መዳብ ዙሪያውን አልብሶ፣ አሲድ ቀብቶ አንዱን ቁራጭ ከሌላው ጋር በቀለጠ እርሳስ ያያይዘው ነበር። ይህን ማንም አላስተማረውም። ሳምንቱን ሙሉ ውሃ እንዳያፈስ ሲደፍን የከረመ ሰው፣ በሳምንት አንድ ቀን ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር መሥራት ያምረው ነበር መሰለኝ። አሣ ይሠራል፣ ወፍ ይሠራል፣ በር ላይ ይሰቅለዋል፤ ፀሐይ ስትዞር የወፉ ቀለም በምንጣፉ ላይ ይሄድ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ብርዱ ገብቶ ፍሙ ዳር መቀመጥ ደስ በሚልበት ወቅት፣ «ላንቺስ ምን ልሥራ?» አላት።

እናቴ ሳታስብ «መስኮት» አለች።

የአባቷ ቤት ወደ ሐይቁ የሚያይ መስኮት ነበረው፤ መዝጊያው እንጨት ስለሆነ ሲዘጉት ጨለማ፣ ሲከፍቱት ብርድ። ልጅ ሳለች በስንዝሯ ለክታው ነበር፣ ቁመቱ አራት፣ ወርዱ ሦስት። «ሐይቁን ሥራልኝ፤ ወስጄ ራሴ አስገጥመዋለሁ» አለችው። አባቴ ለክፈፉ የሚሆን ብረት አነሣና «ያላ፣ በይ እጅሽን ዘርጊ» አላት። እሷ በብረቱ ላይ ስንዝሯን ስትዘረጋ እሱ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ወሎ የሚሄድ መስኮት ብቻውን እንደማይሄድ ሦስታችንም ገብቶን ነበር።

ተራራው ተሠራ፣ ዳርቻው በአረንጓዴ ተሠራ፣ ቢጫው ፀሐይ ሆነ። ውሃው ግን ቀረ፤ ሰማያዊ መስታወት ጠፋ። ወቅት በወቅት ላይ ሲያልፍ መስኮቱ መካከሉ ክፍት ሆኖ ግድግዳ ተደግፎ ኖረ። በዝናቡ ወራት ጎርፉ ግቢያችን ሲገባ እናቴ መጀመሪያ ሻንጣውን፣ ቀጥሎ መስኮቱን አልጋ ላይ ታወጣ ነበር፤ ሦስተኛው እኔ ነበርኩ።

«አቡ ጀማል፣ ውሃውን በነጭ ሙላውና ይለቅልን!» ትለዋለች ሲጨንቃት።

«ሐይቅ ነጭ ነው? ላ፣ ላ፤ አይሆንም። ሰማያዊው ሲገኝ።»

እኔ በልቤ ባይገኝ እል ነበር፤ ሻንጣውን ሳይ ደግሞ ተገኝቶ በገላገለን እላለሁ። ሰው እንዲህ ሲኖር ሁለቱንም ቦታ ያጣል፤ ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ሃቡብ የቪላውን የመታጠቢያ ቤት በር መስታወት ሰበረው። እናቴ ያን ቀን ሐፍላ አልጠበቀችም፤ በባለ ሦስት እግሩ ሪክሻ እየበረረች መጣችና ጨርቁን ፈታችው። አባቴ ቁራጩን ወደ ፀሐይ አነሣው፣ ፊቱ ሰማያዊ ሆነ፣ «ጀሚል፤ ቆንጆ ነው» ብሎ አስቀመጠው። በሚቀጥለው ዓርብ ጨረሰው።

አውቶቡስ ተራ የሸኘን እሱ ነበር። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ፣ መቀመጫችን መካከል ካቆመልን በኋላ «ኡም ጀማል፣ ደስ ካለሽ እዚያው ቁጭ በይ። ማፊ ዘዓል፣ አልቀየምም» አላትና ወረደ። እናቴ በመንገዱ ሁሉ ገመዱን ስትፈታና ስታስር ነበር። መተማ ላይ ፈታሹ ብርድ ልብሱን ገልጦ አየና «እመቤት፣ መስኮቱን ይዘሽ ቤቱን የት ጣልሽው?» አላት። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሷ አልሳቀችም።

ሐይቅ ስንደርስ ወንድሟ ይማም አቅፎ ወደ አባታቸው ቤት አስገብቶን፣ እንግዳ ሳይቀመጥ መስኮቱን አንሥቶ ወደ ግድግዳው ወሰደው። መስታወቱ ከመስኮቱ አፍ በየጎኑ ተረፈ።

«ዘይነባ፣ ይኼ እኮ የመስጊድ መስኮት ነው!»

እናቴ እንጨቱ ላይ ስንዝሯን ዘረጋች፤ ሦስት ብላ ወደ አራት ልትደርስ እንጨቱ አለቀባት። ዞር ብላ «ጀማል፣ እጅህን አምጣ» አለችኝ። ዘረጋሁ። ልክ አራት።

«በዚህ እጅ ነበር የለካሁት» አለች፣ እጄን ሳትለቅ።

በማግስቱ ጠዋት ይማም ግድግዳውን ሊያሰፋ መዶሻ ይዞ መጣ። እናቴ መስኮቱ ሥር ቆማ ሐይቁን ስታይ ቆየችና «ተወው፣ ወንድሜ። አባቴ የሠራውን እኔ አላፈርስም» አለችው፤ ለእኔም «ተነሥ፣ አባትህ ብቻውን ነው» አለችኝ።

ስንመለስ አባቴ መስኮቱን በብርድ ልብሱ እንደተጠቀለለ አየውና በዚያው ቀን የቤታችንን ግድግዳ በመስኮቱ ልክ መክፈት ጀመረ። «ከልጅነቷ ወዲህ እጇ እንዳደገ አታውቅም ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት፤ ዕድሜ ልኩን ሲለካ የኖረ ሰው ነበርና። «ያላ፣ መሰላሉን ያዝ» አለኝ። እናቴ ሻንጣውን ባዶ አድርጋ ሽንኩርት ሞላችበት። ከድጃ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ዛሬም አልሄድሽም?» ስትላት «ሄጄ መጣሁ» አለቻት።

ሁለቱም እዚያው ሐጅ ዩሱፍ ተቀብረዋል። ያ ግድግዳ ዛሬ ይቁም አይቁም አላውቅም። እኔ የምኖርበት የኪራይ ቤት መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ማን እንደለካው ግን አላውቅም፤ ልጆቼን አንድ ቦታ ረግታችሁ ሥሩ እያልኩ ስቆጣ የራሴ ሻንጣ ቁም ሣጥኑ ላይ ተዘጋጅቶ ይኖራል። ስልኩ ተጠግኖ ቤት ስንገባ ልጄን «ነይ፣ መስኮቱን በስንዝር ለኪው» አልኳት። «አባዬ፣ ሜትር አለ እኮ!» ብላ ሳቀች፤ ግን ለካችው። እሷ ስትለካ እኔ ሻንጣውን አወረድኩና ግማሹን ልብስ አውጥቼ ሰቀልኩ። ግማሹ ገና እዚያው ነው።