ለገማቹ የጸዳው ክፍል

ሴትየዋ ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዘወትር ማለዳ ክፍላቸውን ጠርገውና ወልውለው ስፌታቸውን ይጀምራሉ።

ሰኞ የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈንድቶ ኮርኒሱ በጨርቆቻቸው ላይ ወረደ። ለካሳው ጉዳቱን የሚገምተው የመድን ድርጅቱ ገማች ረቡዕ እንደሚመጣ ሲሰሙ፣ እንግዳን በቆሻሻ ቤት መቀበል ነውር ነውና፣ ፍርስራሹን አስጥለው፣ ጨርቁን አጥበው፣ ግድግዳውን ቀለም አስቀቡ።

ገማቹ ካሜራውን እንደያዘ ዙሪያውን ቃኘ።

«እማማ፣ ጉዳቱ የታለ? ቤቱ እኮ ሙሽራ መስሏል። ፎቶ ያላነሣሁትን ካሳ ማስከፈል አልችልም።»

«እንግዳ ይመጣል ብዬ ነው፣ ልጄ።» አሉ።

ከዚያ ከቀለም ቀቢው ጋር እንኳ ሊያነሡት ያልቻሉትን ከባድ ቁም ሳጥን አመለከቱት። በባትሪ ቢያበራ፣ ከኋላው ያበጠ እንጨትና ውሃ የጠጣ ግድግዳ አገኘ።

«ዓርብ ሰው ይዤ መጥቼ እናነሣዋለን። እስከዚያ አደራ፣ እንዳይነኩት።»

ራሳቸውን አላመኑም። በዚያው ቀን መጥረጊያና መወልወያቸውን እስከ ዓርብ ለጎረቤት አዋሱ።