ቀይ ጨርቅ የታሰረበት በርሜል

ቀለም ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ቀይ ጨርቅ» ነው የሚላት። የማሽን እጣቢና የቲነር ዝቃጭ የሚጠራቀምበትን ጓሮ የምትጠርገው እሷ ናት። አንድ ጊዜ አንዱ ባልደረባዋ የሚያፈስ በርሜል ያለ ጓንት አቅፎ ሲያነሳ የክንዱ ቆዳ ተላጠ። ኃላፊዎቹ ስብሰባ ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ተነሱ። እሷ ግን ቤቷ ገብታ አሮጌ ቀይ መጋረጃዋን ተረተረችውና በማግስቱ የሚያፈሱትን በርሜሎች ሁሉ ጆሯቸው ላይ አሰረችባቸው። ቋጠሮዋ ካልቆረጡት አይፈታም። ከዚያ ወዲህ ቀይ ያየ ሠራተኛ ጓንት ሳያጠልቅ ድርሽ አይልም።

ቆሻሻ የሚያነሳው ኮንትራክተር የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አፉ ማር ነው ሰውየው፤ ሴቱን ሁሉ «እናቴ»፣ ወንዱን ሁሉ «አባቴ» ይላል። ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው በተባለ ቁጥር የጭነት መኪናውን አቁሞ ጓሮውን ሙልጭ ያደርገዋል። በርሜሎቹ የት እንደሚሄዱ የጠየቀ የለም። ሄዱ፤ አለቀ። የሥራ ላይ ደህንነትን የሚከታተለው ወጣት ኃላፊ ደረቱን ነፍቶ ተቆጣጣሪዎቹን ያዞራል፤ የምስጋና ወረቀቱም ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እሷም እውነቷን ነው፣ ደስ ብሏት ነበር። የኮንትራክተሩ ጫኞች በነጠላ ጫማና በባዶ እጅ ሲሸከሙ አይታ አንጀቷን ስለበሏት፣ አንድ ቀን ጠዋት ሲጭኑ የራሷን ጓንት አውልቃ ለአንደኛው ሰጠችው። «ቀይ ያለበትን ቀስ አድርጉት» አለቻቸው። ኮንትራክተሩንም «እጅህ ይባረክ» ብላ መርቃ ሸኘችው።

የዚያን ቀን ማታ ቤቷ ስትደርስ የልጅ ልጇ እየሮጠች መጥታ እግሯ ላይ ተጠመጠመች። ፀጉሯ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል።

«ይሄን ማን ሰጠሽ?»

«አባባ በመቀስ ቆርጦ ሰጠኝ።»

ባሏ በር ላይ ተቀምጦ ፈገግ አለ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ጉራ ያማረው ቀን አልነበረም። «የኋላውን ባዶ ቦታ አከራየሁት። ለጨዋ ሰው ነው፤ አባቴ፣ አባቴ ሲለኝ እንዴት እምቢ ልበለው? ዕቃ ላስቀምጥ አለ፣ ዛሬ ጠዋት አራገፈ።»

ጨርቁን ከልጅቱ ፀጉር ላይ መንጭቃ ጣለችና ወደ ኋላ ዞረች። በርሜሎቿ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ የሚቀዳበት የውሃ ጉድጓድ አፍ ድረስ ተደርድረዋል። ሲራገፍ ይሁን ሲንከባለል አንዱ ተሰንጥቋል፤ የፈሰሰው በተዳፋቱ ወርዶ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል። በባልዲ ቀድታ አሸተተችው። ስስ ነው፣ ግን ያው ስትውልበት የምትውለው ሽታ ነው። ልጅቱን አቅፋ ገባችና እጇንና ፀጉሯን ለመጠጥ በተቀመጠው የትናንት ውሃ አጠበቻት። ባሏንም «ከጉድጓዱ እንዳትቀዳ» አለችው፤ ሌላውን ብትጀምር እንደማትጨርስ አውቃዋለች።

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«እማማ፣ በርሜሎቹ ከበር ወጥተዋል አይደል?» አላት።

«ወጥተዋል።»

«ከበር ከወጡ የእኛ አይደሉም። ኮንትራክተሩ ተረክቧል። ለዚህ ነው የቀጠርነው።»

«ጓሮዬ ነው እኮ ያሉት ልጄ። ውሃ ውስጥ ገብቷል።»

«ቦታውን ያከራየው ታዲያ ማነው?»

ያከራየው የቤቷ ሰው መሆኑ ገብቶት ድምፁን አለዘበ። «ዛሬ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ፤ ጓሮውን አንዴ ጥረጊልኝ።» ጠረገችው። ተቆጣጣሪዎቹም መጡ፣ ምንም የሌለበትን ሲሚንቶ አዩ፣ በጣም ንጹሕ ነው ብለው ሄዱ። እንዲህ ያለ ንጽሕና ገደል ይግባ።

ያን ቀን ቤቷ ስትገባ የቀረችውን የመጋረጃ ቁራጭ አወጣች። የጉድጓዱን ክዳን ገጠመችና ክዳኑን ከመቀርቀሪያው ቀለበት ጋር አጥብቃ አሰረችው፣ በዚያው በራሷ ቋጠሮ። ጎረቤቷ ጄሪካኗን ይዛ ስትመጣ ገና እጇን ከጨርቁ ላይ አላነሳችም።

«ደግሞ ይሄ ጌጥ የምን ነው?» አለች ጎረቤቷ እየሳቀች።

ፋብሪካው ውስጥ ቢሆን ይህን ቀይ የማያውቅ የለም። እዚህ ግን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ሁሉንም ነገረቻት። የባሏንም አልደበቀችም። ጎረቤቷ አጎንብሳ በክዳኑ ስንጥቅ አሸተተች።

«እኔን ምንም አይሸተኝም።»

«አፍንጫሽ አልለመደውም። እባክሽ እህቴ፣ አትቅጂ።»

«ታዲያ ከየት ልቅዳ?»

በሰፈሩ ሌላ ጉድጓድ የለም። ጎረቤቷ በርሜሎቹን አየች፣ ቤቱን አየች። ከዚያ ጄሪካኗን ጉድጓዱ አጠገብ አስቀምጣ ቋጠሮውን በጥፍሯ ታገለችው። አልፈታ ሲላት ወደ ቤቷ ሄደች፤ ስትመለስ መቀስ ይዛለች።