በጓሮዬ የደፈንሁት ፈሰስ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርሁም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም። ጾም በገባ ቁጥር እፊታቸው ተንበርክኬ ሰው አማሁ፣ ጾም ገደፍሁ እያልሁ ሌላ ሌላውን እናዘዛለሁ። ይህችን ግን ከምላሴ ሥር ይዣት እመለሳለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጥቂት ነው፤ ጽሕፈቴም ጠማማ ነው። ቢሆንም አፌ ያልደፈረውን እጄ ይደፍር እንደሁ ብዬ ነው። እናንተ የምታነቡ ፍረዱኝ እንጂ አታባብሉኝ።

ቤቴ ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ጋራው አልቆ የፎገራ ሜዳ ከሚጀምርበት ነው። ከጋራው አንድ ቦረቦር ይወርዳል። ክረምት በመጣ ቁጥር ማሳውን እየገመሰ፣ አፈሩን እየጠረገ ይሰፋ ነበር። የሰፈራችን ሰዎች ይህን አይተው ማኅበር አቆሙ። ድንጋይ ተሸክመው በቦረቦሩ ላይ ክትር ሠሩ፤ ጎርፉ ረግቶ እንዲወርድ፣ አፈሩም እንዲቀር። ማንም አልከፈላቸውም። ዝናብ ሲጥል ክትሩን በተራ ይጠብቁ ነበር። ከሁሉ የምትተጋው ፈንታየ ነበረች። ፈንታየ አበልጄ ናት፤ ልጄን ይበልጣልን ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት።

ክትሩ ሲሠራ እኔ ፈራሁ። ሲሞላ ገንፍሎ ወደ ቤቴ እንደሚመጣ ታየኝ። ባሌ ለአረም ሥራ መተማ ወርዷል፤ ቤት ያለነው እኔና ሕፃኑ ብቻ ነን። ለፈንታየ ነገርኋት።

«አይዞሽ አበልጄ፣ እኔ አለሁልሽ፤ በስብሰባው እናገርልሻለሁ» አለችኝ።

በስብሰባው ቀን ተነሣሁና፣ ከቤቴ ጀርባ ፈሰስ ይውጣልኝ፣ ውሃው በዚያ ይሂድልኝ አልሁ። የማኅበሩ ሰብሳቢ አያ ጌጡ ሳቁብኝ።

«አይ ደብሬ! ውሃው ሳይመጣ ገና ካሁኑ ታንኳ ልትለምኝን ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፈሰሱ መንገድ ይቆርጣል ተባለና ነገሩ በዚያው ቀረ። እኔ የማየው ፈንታየን ነበር። አንገቷን ደፍታ በስንጥር መሬት ትጭራለች። ትንፍሽ አላለችም።

ከዳችኝ አልሁ። ልጄን ታቅፋ ቤተ ክርስቲያን የቆመችው፣ እኔ አለሁልሽ ያለችው ከዳችኝ። ይህን እያልሁ ሰነበትሁ። ውሃ ስቀዳ ይህን፣ ሩዝ ስፈትግ ይህን። እሷ ሰላም ስትለኝ አፌ ይመልሳል፣ ሆዴ ግን ከዳችኝ ይላል።

በክረምቱ አንድ ቀን ዝናቡ ከጧት ጀምሮ ጣለ። ይበልጣልን ኩፍኝ ይዞት መደብ ላይ እንደ እሳት ይነዳል። ከቀትር በኋላ ውሃው ደጃፌ ደረሰ። ልጁን ጠቅልዬ ከፍ ካለው ላይ አስተኛሁትና ወደ ክትሩ ሮጥሁ። ተራው የፈንታየ ነው። ጮኼ ልለምናት ነበር። የለችም። ክትሩ አፉ ድረስ ሞልቷል፣ ጠባቂው የለም።

ዛሬም ከዳችኝ አልሁ። ድንጋዩን ያነሣሁት ያኔ ነው።

እኔ ነኝ። ጎርፉ አይደለም፣ ከብትም አይደለም። እኔ ነኝ በእጄ ያነሣሁት። ከላይ ከላይ ጥቂት ባነሣለት ውሃው ዝቅ ይልልኛል ብዬ ነበር። ውሃ መቼ የሰው ሐሳብ ይጠብቃል? የጀመርሁለትን እሱ ጨረሰው። ክትሩ አጓርቶ ተናደ። ከታች ያለው የፈንታየ የሩዝ ማሳ ነው። ጎርፉ ተንከባሎ ሄዶ፣ አሸዋና ጠጠር ተሸክሞ፣ ያንን አረንጓዴ ቡቃያ ሲያለብሰው እያየሁ ነበር።

ያን ጊዜ ኡኡ አልሁ። ዘልዬ ገባሁና ድንጋይ እያቀፍሁ መግጠም ጀመርሁ። ሰው ሲደርስ ያገኘኝ እንዲህ ነው፤ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ፣ ደረቴን ለጎርፍ ሰጥቼ። «ወይ ጀግና! ወይ የሴት ወንድ!» አሉኝ። እኔ ሌላ ድንጋይ አቀፍሁ።

ፈንታየ ኋላ መጣች፤ ዶማ ይዛ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ። አያ ጌጡ ተቆጧት።

«ተራው ያንቺ አይደለም እንዴ? የት ነበርሽ?»

«ደብሬ ጓሮ ነበርሁ። ፈሰስ ስቆፍርላት ነበር። ልጁ ታሞባታል፣ ውሃው ሊገባባቸው ነው። ስብሰባው ፈሰሱን እንቢ ቢል ጎርፉም እሺ ብሎ ይቀራል ብላችሁ ነው? በሉ እሷን ጠይቋት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«አላየሁም» አልሁ።

እውነቴን ነበር። አላየሁም ነበር። የወጣሁት በፊት ደጅ ነው፤ ዝናቡ የዶማውን ድምፅ ውጦታል። ያቺ ቃሌ እውነት ነበረች፤ እውነት ሆና የቆየችው ግን ቤቴ እስክደርስ ነው።

ቤቴ ደረስሁ። ልጄ ደኅና ነበር። በጓሮ ዞሬ ከአጥሩ ሥር አየሁት። ፈሰስ። ጥልቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ ላይ የእግሯ ጣት የታተመበት። ከቦረቦሩ ጋር ሊገናኝ ክንድ ያህል ብቻ ቀርቶታል። እኔ ላይ ሆኜ ክትሯን ሳፈርስ፣ እሷ ታች ሆና ለቤቴ ትቆፍር ነበር። በስብሰባው ለምን ዝም እንዳለች ዛሬም አላውቅም። ምናልባት ብትናገር እንደማይሰሟት አውቃ ይሆናል። ምናልባት እዚያው አንገቷን ደፍታ ውሃው በየት እንደሚሄድ ታስብ ይሆናል። ጠይቄያት አላውቅም። እንዴት ብዬ ልጠይቃት?

ሮጬ መመለስ ነበረብኝ። ፈንታየ እውነቷን ነው ማለት ነበረብኝ። ግን ፈንታየ እዚህ ከነበረች ክትሩ ላይ ማን ነበር? ብለው ይጠይቁኛል። ወንድሞቿ ጠብመንጃ አላቸው። በእኛ አገር በውሃና በድንበር ሰው ተጋድሏል፤ ደም ደግሞ በእናት አያበቃም፣ ልጅ ይፈልጋል። ያለኝ አንድ ይበልጣል ነው። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ፍርሃቴ እውነት ነበር፤ ያደረግሁት ግን ፍርሃቴ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ደፈንሁት። ጠርዝ ላይ የቆለለችውን አፈር በእጄም በአካፋም መለስሁት። ረገጥሁት። የእግሯን ጣት በእግሬ ረገጥሁት። ከላዩ የሩዝ ገለባ ከመርሁበት።

በማግሥቱ አያ ጌጡ ሽማግሌ ይዘው መጡ። ፈንታየን አስቀድመው በጓሮ አስገቧት።

«ይኸው ጓሮው። የታለ ፈሰሱ?»

ፈንታየ ገለባውን አየች። ቀጥላ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ቁጣ ቢሆን በቻልሁት። እንደማታውቀው ሰው ነው ያየችኝ። ገለባውን በእግሯ ገፋ ብታደርገው በቃ፣ እርጥቡ አፈር ይታይ ነበር። አላደረገችውም። ቤት ውስጥ ይበልጣል ያለቅስ ነበር፤ ወደዚያ ጆሮዋን ጣለች።

«ተሳስቻለሁ» አለች።

«ሌላ ሰው ጓሮ ቆፍረሽ ይሆናላ!» አለ አንዱ፤ ሳቁባት። ከዚያ ቀን በኋላ ፈንታየ ተራ ጥላ የሄደች፣ አልፋም የዋሸች ተባለች። ከማኅበሩ አስወጧት። ማሳዋን አሸዋ በልቶት፣ ስሟን እኔ በልቼው ቀረች።

ሩዙ ከታጨደ በኋላ ማኅበሩ በነጻ የደከሙትን ሊያመሰግን ዋርካው ሥር ሰው ጠራ። ለሚመሰገኑት ጋቢ ይደረብላቸዋል። መጀመሪያ የተጠራው የማን ስም መሰላችሁ? «ክትሩን በደረቷ ያቆመች ደብሬ!» እኔ ወጣሁ። አያ ጌጡ ጋቢውን በትከሻዬ ጣሉልኝ። ሴቱ እልል አለ። በሰፈሩ ሠርግ ሁሉ እልልታዋ ቀድሞ የሚሰማው ፈንታየ ዝም ብላ ቆማለች። ሰው ሲበተን በአጠገቤ አለፈች።

«ይሙቅሽ፣ አበልጄ» አለችኝ።

አልዋሽም፣ ለብሼዋለሁ። ልጄንም ጠቅልዬበታለሁ። ሞቆናል።

ፈንታየ ማሳዋን ለወንድሟ ትታ አንበሳሜ ከተማ ልጇ ዘንድ ሄደች። ይበልጣል አድጎ ዛሬ በማኅበሩ ድንጋይ ይሸከማል። ፋሲካ በደረሰ ቁጥር «እማ፣ የክርስትና እናቴ ለምን አትጠይቀንም?» ይለኛል። «አገሩ ርቋት» እላለሁ። አንበሳሜ ምን ይርቃል?

ዘንድሮ ማኅበሩ እንደገና ሰው ሊያመሰግን ነው። አያ ጌጡ አርጅተዋል፤ ትናንት በምርኩዝ መጥተው «በይ እንግዲህ ደብሬ፣ ፊት የለበስሽ አንቺ ነሽና ለዘንድሮዎቹ ጋቢ የምታለብሺ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ከሚለብሱት አንዱ ይበልጣል ነው። በእነዚህ እጆቼ? ድንጋዩን ባነሡት፣ አፈሩን በመለሱት?

እሳቸው ሲሄዱ ወደ ጓሮ ዞርሁ። በየዓመቱ የማድስበትን ገለባ አነሣሁ። አፈሩ ከዳር ዳሩ ዝቅ ብሎ ፈሰሱ የት እንደነበር ዛሬም ያሳያል። ዶማ አምጥቼ ቆፈርሁት፣ በእሷው መሥመር። የቀረውን ክንድ ግን አልነካሁትም። እሱ የእሷ ነው።

እሑድ ዋርካው ሥር ስጠራ ጋቢውን መሬት አስቀምጬ እናገራለሁ። እፈራለሁ፤ ወንድሞቿ አሉ፣ ልጄም ይሰማኛል። እናቴ ብሎ የሚጠራኝ ከዚያ በኋላ ይኑር አይኑር አላውቅም። ምላሴ ቢታሰር ይህን ወረቀት ማንም ያንብብልኝ። ፈንታየ፣ ይቅር በይኝ ለማለት ገና አልደረስሁም። መጀመሪያ ያን ቀን ለጠየቁኝ ሰዎች መልስ አለብኝ።

ጓሮዬ ፈሰስ ነበር። የቆፈረችው ፈንታየ ናት። አይቻለሁ።