እንከን ያጣበት ሸክላ

ያገለገሉ ሸክላዎች በሚሸጡበት ሱቅ፣ ከማጫወቻው አጠገብ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ክርኑ የሳሳ ኮቱን ደርቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ድሮ ለጋዜጣ የሮክ፣ የፐንክና የፖፕ አልበሞችን ይተች ነበር፤ ምላሱ ዛሬም አልዶለዶመም። «ይሄ ጊታር ነው ወይስ ዘይት የጠማው በር?» ይላል። የሚጥመው ነገር የለም።

ትናንት አንዲት ደንበኛ የአንዲት ዘፋኝ አልበም አንስታ፣ «ይሄስ ጋሼ?» አለችው።

ሽፋኑን በእጅጌው ጠረገው። «ግዢው ልጄ፣ እንከን የለውም። ያኔም እንደዚሁ ብዬ ጽፌለታለሁ።»

«ስለ ምንድን ነው የምትዘፍነው?»

«ምግቧንም፣ ልብሷንም፣ ሳቋንም ሲያጣጥልባት ኖሮ፣ ጥላው ስለሄደችው ባል።»

«እሰይ! ደግ አደረገችው» አለች ልጅቷ እየሳቀች።

ሽማግሌው አልሳቀም። «አንድም ቃል አልዋሸችብኝም» አለና ሸክላውን መለሰላት።