አንድ እንጀራና የአንድ ሰዓት መንገድ

ቄስ ክንፈን በየቀኑ እንዲራመዱ ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። ስሜ ሰርካለም ነው፤ የከላላ ልጅ ነኝ፤ መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ጤና ተቋም የስኳርና የደም ግፊት ክፍል ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። ሰው ሲከራከረኝ ቶሎ እናደዳለሁ፣ ሰው ሲያመሰግነኝ ደግሞ ቶሎ አምናለሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለቱም ጠባዮቼ አሉበት።

መጀመሪያ የመጡት የዛሬ ሁለት ዓመት በጥቅምት ነው። ከከተማው ዳር ባለችው ጊዮርጊስ የሚያገለግሉ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው ካህን ናቸው። ሚዛን ላይ ሳወጣቸው ዘጠና ሰባት ኪሎ ሆኑ፤ ቁመታቸው ደግሞ እምብዛም ነው። ያመጣቸው ግን ኪሎው አልነበረም፤ ቅዳሴ መቆም አቅቷቸው ነው። ሁለት እሑድ በተከታታይ ቅዳሴው ሳይጋመስ ላብ አጥምቋቸው፣ አብሯቸው የሚቀድሰው ቄስ ደሳለው ክንዳቸውን ይዞ እንዳስጨረሳቸው ነገሩኝ። ስኳራቸውን ስለካው ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት አለ። እግራቸውንም በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል እያቃጠለ እንቅልፍ ይነሳቸዋል።

ባለቤታቸው እናኑ ከሞቱ ያን ጊዜ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ካህን ሚስቱ ስትሞትበት ሌላ አያገባም፤ ካገባ ክህነቱን ይተዋል። ቄስ ክንፈ ክህነታቸውን ያዙ። ልጅ አልነበራቸውም፤ ቤታቸው ውስጥ እሳት መንደድ ቀረ። ስለዚህ የሚበሉት ሰው ቤት ነው። ዛሬ ክርስትና፣ ነገ ማኅበር፣ ከነገ ወዲያ ተዝካር ይጠራሉ። የተጠራው ቄስ ጠግቦ ካልተነሳ ደግሞ ደጋሹ እንደደገሰ አይቆጥረውም። ስለ ባለቤታቸው ስጠይቃቸው ድምፃቸው ከፍም ዝቅም ሳይል «ሞተች» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የሚጣፍጣቸው ነገር እንደሌለ፣ ግን ሲያቀርቡላቸው እንደሚበሉ፣ ሲጨምሩላቸውም እንደሚበሉ ነገሩኝ። የሌላ ሰው ነገር የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

አንድ ነገር ብቻ ከንክኗቸዋል። የዓመቱን ከግማሽ በላይ ጿሚ ናቸው፤ ታዲያ እንዴት ወፈሩ? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የሚበሉትን አንድ በአንድ ሳስቆጥራቸው መልሱ ራሱ ወጣ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ እውነት ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ዘይት የጠገበ ሽሮ በሦስት እንጀራ፣ በላዩ ሁለት ጣሳ ጠላ፣ ከዚያ እስከ መኝታ ቁጭ። ጾሙ ከሥጋና ከቅቤ ይከለክላል እንጂ እንጀራ አይቆጥርም አልኳቸው።

ምግብ መቀነስ ብቻውን ለጥቂት ወር ያከሳል፤ ከዚያ ሰውነት ይለምደውና ኪሎው ተመልሶ ይመጣል። መራመድ ብቻውን ደግሞ ረሃብ ያመጣል፣ ሰውየው የተራመደበትን ያህል ይበላል። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ፣ ያውም ለአንድ ሰሞን ሳይሆን ለዕድሜ ልክ፣ ያኔ ነው የሚሆነው። ፋሲካ የሌለው ዐቢይ ጾም በሉት ስላቸው ትንሽ ፈገግ አሉ። ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው፦ በአንድ ማዕድ አንድ እንጀራ፣ ጎመንና ምስር በርከት አድርጎ፣ ሻይ ያለ ስኳር፣ ጠላ በበዓል ቀን አንድ ብርጭቆ፣ በየቀኑ የአንድ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ። መድኃኒታቸውንም ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና፣ ሰው ሁሉ ከእኔ ቀኖና ይቀበላል፣ እኔ ደግሞ ካንቺ ተቀበልኩ ብለውኝ ሄዱ።

እንደ ቀኖናም ያዙት። ችግሩ የተነሳው ከደጋሾቹ ነው። ሙሉሐረግ የምትባል ሴት የባሏን ተዝካር ስታወጣ፣ የሟቹ የንስሐ አባት ቄስ ክንፈ ነበሩና ከፊት ተቀመጡ። አንዷን እንጀራ በሉና እጃቸውን ሰበሰቡ። ለመነቻቸው፤ እንቢ አሉ። በማግስቱ ጠዋት ቤታቸው ድረስ መጥታ፣ ባሌ ምን ተናዞልዎት ነው እህሉ አልዋጥ ያለዎት ብላ እንባ በእንባ ሆነች። የሰው ኃጢአት የሚያውቅ ቄስ ከተዝካሩ ሳይጠግብ ሲነሳ ሌላ ምን ትበል? ቄስ ክንፈ የኑዛዜውን ነገር አንስተው አልተናገሩም፤ የእኔን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡላት። ወሬው በሳምንት ውስጥ ሰፈሩን አዳረሰና ከዚያ ወዲያ በሄዱበት ሁሉ አንዲት እንጀራ ለብቻዋ ትቀርብላቸው ጀመር።

እርምጃውም የራሱ ጣጣ ነበረው። መጀመሪያ በዋናው መንገድ ነበር የሚሄዱት። ቄስ በጠዋት ፈጠን ፈጠን እያለ ሲሄድ ያየ ሰው ግን የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ማን ሞተ ብሎ ይጠይቃል። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እስከ ከተማው መውጫ ተከተሏቸው። ለቅሶ የለም ሲሏቸው ተቆጥተው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ መንገዱን ትተው በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያናቸውን አርባ ጊዜ መዞር እንደጀመሩ ነገሩኝ። ጸሎታቸውንም አብረው ያደርሳሉ። ግሩም ነው አልኳቸው። ቅጽሩ ቅዱስ ስፍራ ነውና የሚዞሩት በባዶ እግራቸው መሆኑን አልጠየቅኩም። በዚያው ሰሞን የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ እየተነሳ በአዲስ ይቀየር ነበር።

መጋቢት ላይ ሰማንያ ስድስት ኪሎ ገቡ። ስኳራቸው መቶ አርባ ሆነ። ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ ደጋፊ መቆም ጀመሩ። እኔም ኮራሁ፤ ስብሰባ ላይ ስማቸውን ሳልጠራ እንደ ምሳሌ አቀረብኳቸው፣ ተጨበጨበልኝም። በዚያ ቀጠሮ እግራቸው ማቃጠሉን እንደተወላቸው ሲነግሩኝ መዝገቡ ላይ «ተሽሏቸዋል» ብዬ ጻፍኩ። የስኳር ሕመምተኛ እግር ማቃጠሉን ሲተው ሁልጊዜ ድኗል ማለት አይደለም፤ ነርቩ ሞቶ፣ እግሩ ደንዝዞ ሊሆን ይችላል። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ጫማዎን ያውልቁ ብሎ ውስጥ እግርን ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን የንስሐ አባት የሆኑ ትልቅ ሰው ፊት ተንበርክኮ እግር ማገላበጥ ነውር ሆኖ ታየኝና ሳላያቸው ሸኘኋቸው።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጊዮርጊስ ሄድኩ። በዚያን ቀን ካህናቱ የምእመናኑን እግር ያጥባሉ። ሴቶቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተቀምጠናል። ቄስ ክንፈ የወይራ ቅጠል ያለበትን ውሃ ይዘው ከወዲያኛው ረድፍ ጀመሩ፤ ጀርባቸው ወደ እኛ ነው። በየሴቲቱ ፊት ሲንበረከኩ ውስጥ እግራቸው ወደ እኔ ይዞራል። የግራው እግራቸው ከትንሿ ጣት ሥር ጠቁሯል፤ በጥቁሩ መካከል የዛገ የቆርቆሮ ምስማር ራሱ ብቻ ይታያል። ከጎኑ ደም ይወርዳል። ይነሳሉ፣ ይረግጡታል፣ ሄደው ደግሞ ይንበረከካሉ። ስንት ቀን እንደረገጡት እግዜር ይወቀው።

ቆጠርኩ፤ እኔ ጋ እስኪደርሱ አሥራ አንድ ሰው አለ። ደም የሚፈስሰው ካህን መቅደስ ገብቶ አይቀድስም፤ ነስር እንኳ ቢነስረው ይወጣል። ከእግር ማጠቡ ቀጥሎ ደግሞ ቅዳሴ ነው፤ ነገ ስቅለት፣ ከነገ ወዲያ ሌሊት ትንሣኤ። ዝም ብል ይቀድሳሉ፣ እግራቸውም ይበሰብሳል። እኔ ጋ ደርሰው እግሬን ውሃው ውስጥ ሲከቱት ጎንበስ አልኩ።

«አባቴ፣ እግርዎ ይደማል።»

መጀመሪያ ያዩት የእኔን እግር ነው። «የማን?» አሉ።

«የእርስዎ፤ ውስጥ እግርዎ። ምስማር ገብቶበታል።»

ዞር ብለው በጣታቸው ነኩት። ጣታቸው ላይ ያለውን ደም ትንሽ ቆይተው አዩት። ፊታቸው ላይ ድንጋጤም ሕመምም አልነበረም። «አልተሰማኝም» አሉ። የጀመሩትን እግሬን አድርቀው ጨረሱ፤ ሳህኑን ለቄስ ደሳለው ሰጡና ወጡ።

ምስማሩን እኔ ነቀልኩት። አጥንቱ ድረስ መግል ይዟል። ደሴ ላክናቸውና ሁለት ጣታቸው ተቆርጦ ተመለሱ፤ የቀረው ቁስል ግን ለወራት አልገጥም አለ። እነዚያን ወራት ሁሉ መቅደስ አልገቡም። እኔ በሁለት ቀን አንዴ ቤታቸው እየሄድኩ ቁስሉን እጠርግ ነበር። እግራቸውን በሁለት እጄ ይዤ ስሠራ ግድግዳውን ያያሉ፤ ስነካቸውም ስተዋቸውም አያውቁትም። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ መቼ ነው የምቀድሰው? አላውቅም እላለሁ።

እንዲቆጡኝ እፈልግ ነበር። አንድ ቀን ሲከብደኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መጋቢት ላይ ጫማዎን አስወልቄ ማየት ነበረብኝ አልኳቸው።

«አብሽሪ» አሉኝ። «እኔም ብሆን እናኑ ከሞተች ወዲህ ያልተሰማኝን ነገር ሁሉ ድኗል እያልኩ ነው የተውኩት።»

እኔም ፋሻውን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ክረምቱ ላይ ኪሎው ተመለሰ። አንዷን እንጀራ አላሳለፉም፤ ግን መራመድ የለም፣ ጠያቂው ደግሞ ዳቦና ቆሎ እያመጣ ከፊታቸው ያስቀምጣል። ነሐሴ ላይ ዘጠና አንድ ሲሆኑ ጮህኩባቸው። ካልተራመዱ በእጅዎ ይሥሩ ብዬ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ሞልቼ ሰጠኋቸው፤ ተቀምጠው ሃምሳ ጊዜ ወደ ላይ፣ ሃምሳ ጊዜ ወደ ጎን። በሳምንቱ ስመለስ ሃይላንዶቹ ባዶ ናቸው። ቄስ ሁለት ሃይላንድ ይዞ እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ያየ ጠያቂ ሁሉ ጸበል ነው ብሎ እየለመነ ጠጥቶታል። የጉድጓድ ውሃ ነው ቢሏቸውም ያመነ የለም። ከዚያ በኋላ አሸዋ ሞላሁባቸው። የሳቅኩት በዚያ ዓመት ያን ቀን ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ ቁስሉ ገጠመ። ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ለስላሳ ጫማ ተገዛላቸውና ጫማቸውን ሳያወልቁ ሜዳው ላይ መራመድ ጀመሩ፤ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ ቀስ በቀስ አንድ ሰዓት። ጥር ሲገባ ሰማንያ አራት ነበሩ። አሁንም ያችኑ አንዷን እንጀራ ነው የሚበሉት።

የሚቀድሱበት እሑድ ተቆረጠ። እግራቸው ስለማይሰማቸው፣ ጎንበስ ብለውም ውስጥ እግራቸውን ማየት ስለሚያቅታቸው፣ ጠዋት ደጀ ሰላሙ ጋ እንድጠብቃቸው ለመኑኝ። እዚያ አይቼ ንጹሕ ነው ካልኳቸው ይገባሉ። ማልደው መጡ፤ ታጥበው፣ ጥምጣማቸውን አስተካክለው። ዘጠኝ ወር ከአሥራ አምስት ቀን የጠበቁት ቀን ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁና እግራቸውን ሰጡኝ።

ጠባሳው ደህና ነበር። ከጠባሳው ጎን ግን አንዲት ቀጭን ስንጥቅ አየሁ። ንጹሕ የቁስል ጎዝ ጫን አድርጌ ሳነሳው የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ አለችበት። ከእኔ በቀር ያየ ሰው የለም። በፕላስተር ሸፍኜ ይግቡ ብላቸው ይገቡ ነበር። ልላቸው ፈለግሁ፤ ከልቤ ነው የፈለግሁት።

«ምን አየሽ?» አሉኝ።

«ይደማል።»

«ብዙ ነው?»

«ትንሽ ነው፣ አባቴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ባትነግሪኝ እገባ ነበር፣ ምንም አልተሰማኝም አሉና ጫማቸውን አጠለቁ። ከዚያ ቤታቸው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፤ አልሄዱም። እንደ ማንኛውም ምእመን ከውጭ፣ ከቅጽሩ ግድግዳ ሥር ሄደው ቆሙ። እኔም አጠገባቸው ቆምኩ።

ቅዳሴው ተጀመረ። የቄስ ደሳለው ድምፅ ከውስጥ ሲሰማ፣ የካህኑ ክፍል በደረሰ ቁጥር የቄስ ክንፈ ከንፈር ይንቀሳቀስና መልሶ ይገጥማል። ሠላሳ ዓመት ያሉትን ነው። ሕዝቡ የሚመልስበት ሲደርስ ደግሞ ዝም ይላሉ፤ ያንን እሳቸው ከቀሰሱ ወዲህ ብለውት አያውቁም። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆኑ። በአራተኛው ሕዝቡ ሲመልስ አብረውን መለሱ፤ ድምፃቸው መካከል ላይ ተቆረጠ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ።