እስከ ሰባት ቤት

አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው የዘር ቆጠራውን እኔን አስተማረኝ። በእኛ በላስታ ሁለት ቤተሰብ ከመጋባቱ በፊት እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ እዚያ ድረስ ሥጋ ከተገናኘ ጋብቻ የለም። የመንደሩን ትውልድ በሙሉ በቃሌ ይዤው ነበር። አባቴ ሲሞት እኔ ጋ ብቻ ቀረ፤ እኮራበትም ነበር፣ አልደብቅም።

ከዚያ ባሌ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሄደ። ደብዳቤ የለ፣ መርዶ የለ። እንዳለቅስ መሞቱን ማን ነገረኝ? ቀስ በቀስ ጭንቅላቴ ከዳኝ። ያለ እንስራ ምንጭ ወርጄ ባዶ እጄን እመለሳለሁ፤ ወጥ ውስጥ ሁለቴ ጨው እጨምራለሁ። «ቡዳ በልቷት ነው» ብለው ጠበል ወሰዱኝ። ጠበሉን አላማም፤ ግን ቡዳ አልነበረም። ሐዘን ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ? የእኔ ልብ ሲከብድ ሐሳቤም አብሮ መራመድ አቃተው።

ጉዱ የፈላው ታናሽ እህቴን ከፍላቂት በኩል ሽማግሌ ልከው ሲጠይቋት ነው። ልጁን ወዳዋለች። የመንደራችን አንድ አዛውንት ግን «በአምስት ቤት ይገናኛሉ፤ አይሆንም» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ፤ ከአያቴ በላይ ያለው ሁሉ ጠፋብኝ። «በቃ፣ ያባቷ እውቀት ተቀበረ» አሉ አዛውንቱ። እህቴ ስታለቅስ እያየሁ እንኳ ምንም አልመጣልኝም። እስከ መስቀል ጊዜ ሰጡን።

እህቴ አንድም ቀን «አስታወስሽ?» ብላ አልጠየቀችኝም። ጠዋት ጠዋት እጄን ይዛ ገብስ ማሳ ታወጣኛለች፤ ጎን ለጎን እናርማለን። ሰንብቶ እንቅልፍ ተመለሰልኝ፤ ከዚያ ቆሎ ጣመኝ።

አንድ ቀን «የሞተ ይመስልሻል?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ፣ እታለም? አልቅሺ ግን፤ ማን ከለከለሽ?»

አረሙ መሃል ቁጭ ብዬ እስኪበቃኝ አለቀስኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ በጋሸና መንገድ ስታልፍ አየሁና የያዝኩትን አረም ጣልኩ። «ታዝሎ የመጣው!» ብዬ ጮኽኩ። አባቴ ከልጁ ወገን አንዱን ሰው በዚያ ቃል ነበር የሚቆጥረው።

በመስቀል ማግስት ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተሰበሰቡ። «አያ፣ እርስዎ አምስተኛው ላይ ያገናኙን አባት የልጁን ወገን አልወለደም፤ የልጁ ቅድመ አያት አባት የእንጀራ ልጁ ነው» አልኳቸው። «እኛ የተወለድነው ከፊተኛዋ ሚስት ነው፤ እሱ ሁለተኛዋ ሚስት ስትገባ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ የመጣ ነው። የሥጋ ዝምድና የለንም!» ከዚያ ሁለቱንም ወገን ሰባት ቤት ሙሉ ቆጠርኩት፤ አንድም አልዘለልኩም። ጨርሼ እንኳ ሳልቀመጥ እህቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ሙሽራ አፏን ትይዛለች ያለ ማነው!

አዛውንቱ ሳቁና አባቴ ዘር ሲቆጥር ይቀመጥበት ከነበረው ድንጋይ ተነሡ። «ነይ ልጄ፣ ቦታሽን ያዢ» አሉኝ።

ባሌ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ያን ቀን ግን ሴት ተቀምጣበት በማታውቅ ድንጋይ ላይ፣ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።