ጋቢ ያዥ

የሳንባ ምች ሦስት ወር አልጋ ላይ ጣለኝ። ከተነሣሁ በኋላም ደብረ ብርሃን ቤቴ በር ላይ ፀሐይ ከመሞቅ በቀር የሠራሁት ነገር የለም። "አሁንማ ድኛለሁ" እያልኩ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራ ነበር። ለካ የዳነው አፌ ብቻ ነው! ጉዴ የፈላው አጎቴ ወድቆ ዳሌው የተሰበረ ቀን ነው።

ያሳደገኝ እሱ ነው። ቤቱ ከአንኮበር በታች፣ መኪና የማይደርስበት ቁልቁለት ላይ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የሚወስደው አምቡላንስ ላይኛው መንገድ ላይ ስለሚቆም እስከዚያ በቃሬዛ መውጣት ግድ ነበር። እኔ ያንን ዳገት ድሮ ትከሻ ሳልቀይር ተሸክሜ እወጣው ነበር። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን እንደደረስኩ ማንም ሳይጋብዘኝ የፊተኛውን እጀታ ያዝኩ።

ሃያ እርምጃ እንኳ አልሄድኩም። ትንፋሽ አጠረኝ፤ እግሬም ቆመ። ቃሬዛው ዘመም ሲል አጎቴ ከሕመሙ የተነሣ ጮኸ። ያስጮህኩት እኔ ነኝ። አንድ ጎረቤት ሮጦ መጥቶ ትከሻውን አስገባና፣

"ተው እንጂ ወንድሜ፣ አንተንም እንሸከም እንዴ?" አለኝ።

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እኔ ግን በንዴት ጨስኩ፤ በሰውየው ሳይሆን በገዛ እግሬ።

በእኛ አገር መሸከም ያልቻለ ሰው የተሸካሚዎቹን ጋቢ ይይዛል። የሽማግሌ ሥራ ነው። አርባ ያልሞላኝ ሰውዬ አራት ጋቢ ታቀፍኩ። ፀሐዩ በርትቶ ነበርና አጎቴም የራሱን ገፈፈና፣

"እንካ፣ የእኔንም ያዝልኝ። መኪናው ጋ ስንደርስ ትሰጠኛለህ" አለኝ።

እንዳላፍር ብሎ መሆኑ ገባኝ፤ ይኸው ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

ጥለውኝ ወጡ። አልፈርድባቸውም፤ የተሰበረ ሰው ይዘው እኔን አይጠብቁም። አሥር እርምጃ እሄድና ድንጋይ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ እነሣለሁ፣ ደግሞ ቁጭ እላለሁ። አንዲት እንጨት የተሸከመች አሮጊት "አይዞህ ልጄ" ብላኝ አለፈች። ቀና ብዬም አላየኋት።

መንገዱ ላይ ስደርስ ተሸካሚዎቹ ላባቸውን እየጠረጉ ተቀምጠዋል። አምቡላንሱ የለም።

"ሄደ?" አልኳቸው።

"ከሄደ ቆየ እኮ። ጥቂት ጠብቀንህ ነበር፤ እሱ ሕመሙ ባሰበት።"

አራቱም ተነሥተው ጋቢያቸውን ወሰዱ። ያሳደገኝ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ብርድ በሸሚዙ ሄደ፤ ጋቢው እኔ ክንድ ላይ ቀረ።